ይይዛል፣ ይለቃል

«አንቺ ባትለፈልፊ ኖሮ አባቴ ጋራዡን አይዘጋም ነበር። ጋራዡን ባይዘጋ ደግሞ ዛሬ እዚህ ድንኳን ውስጥ አንቀመጥም ነበር።»

ሱራፌል ነው እንዲህ ያለኝ፤ ፊት ለፊት፣ በአባቱ ለቅሶ ላይ። «እግዜር ያጥናህ» ብዬ እጄን ስዘረጋለት የመለሰልኝ ይህንን ነው። ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። የዕድሩ ሰዎች ንፍሯቸውን እያኘኩ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ አፌን ሰብስቤ አላውቅም፤ አቃቂ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመስክር። ያን ሰዓት ግን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ሄጄ ከድንኳኑ ጥግ፣ ዝናቡ በላስቲኩ ቀዳዳ ከሚያንጠባጥብበት አጠገብ ተቀመጥኩ።

አኩርፌ አይደለም። እኔ ጋ የሱራፌል የሆነ አንድ ነገር አለ። አባቱ ስለ እሱ የተናገሩት፣ እሱ ግን ያልሰማው ቃል። ጋሽ ታፈሰ ራሳቸው ሊነግሩት ነበር፤ ሳይነግሩት ሞቱ። አሁን ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። ልንገረው ወይስ ከነምላሱ ልተወው? አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ከራሴ ጋር ስሟገት የነበረው በዚህ ነው።

ማረፋቸውን የሰማሁት ጠዋት ታክሲ ውስጥ ነው። ሹፌሩ ለረዳቱ «ያ ዲፈረንሻል አዋቂው ሰውዬ ሞቱ አሉ» አለው። ስም አልጠራም። መጥራትም አያስፈልገውም ነበር። «ወራጅ» አልኩ።

ጋሽ ታፈሰን የማያውቅ ሰው መካኒክ ሲባል በቅባት የጠቆረ፣ አንገቱን የደፋ ሰው ይመስለው ይሆናል። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው አያውቁም። ቱታቸው በካውያ ተተኩሶ መስመሩ እንደ ቢላ ይቆማል። ጢማቸውን ጥቁር ቀለም ይቀቡታል። ዕድሜያቸውን የጠየቀ ሰው መኪናው ተራ አይደርሳትም። ዳማ ሲጫወቱ ደግሞ ይሰርቃሉ፤ ያውም በግልጽ፣ ዓይን ዓይንህን እያዩ ነው ቆርኪህን የሚያነሱት። ጎረቤታችን ከድር፣ ያገለገለ መለዋወጫ የሚሸጠው፣ አንድ ቀን ምርር ብሎት፦

«ጋሼ፣ ከሰው መኪና ላይ አንዲት ቡሎን የማይነኩ ሰውዬ ዳማ ላይ ምን ሆነው ነው የሚሰርቁት?» አላቸው።

«ዳማ ማንንም ገደል አይከትማ!» አሉት፤ እያሉትም አንድ ቆርኪ አነሱ።

እኔ እሳቸው ጋ የገባሁት አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ነው። እናቴ ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ለጠያቂዎች ሙዝና ሶፍት ትሸጣለች፤ እዚያ ተቀምጬ የሰው እንባ ማየት አንገሸገሸኝ። ሄጄ «ሥራ ስጡኝ» አልኳቸው። ከታች እስከ ላይ አዩኝና «ዝም ማለት ትችያለሽ?» አሉኝ።

«አልችልም።»

«መዋሸትስ?»

«እሱንም አልችልበትም።»

«እንግዲያው ግቢ። አንቺን የመሰለ ነፋስ እዚህ ግቢ ያስፈልጋል፤ ሽታውን ይወስዳል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ነፋስ ሆኖ ቀረ።

የተማርኩት ከመኪና ሆድ ሥር ተጋድሜ ነው። የኋላ ጎማዎቹ መሐል እንደ ድስት ያበጠው ብረት ዲፈረንሻል ይባላል። መኪና ሲዞር የውጪው ጎማ ብዙ ይጓዛል፣ የውስጡ ጥቂት፤ ዲፈረንሻሉ ሁለቱ በየራሳቸው እንዲሄዱ ይፈቅዳል። ጣጣው ጭቃ ላይ ነው። አንዱ ጎማ ጭቃ ገብቶ መሽከርከር ከጀመረ ጉልበቱን ጠቅልሎ ይወስደዋል፤ ደረቅ ላይ ያለው ቆሞ ያያል። ለዚህ ሲባል አንዳንድ ፒካፖች ላይ ዲፈረንሻሉ ውስጥ እንደ ፍሪሲዮን ሸራ ያሉ ስስ ክቦች ተደራርበው ይገባሉ፤ እነሱ ተጨቃጭቀው ሁለቱን ጎማ ያስማማሉ። ሰዉ «ሊሚትድ ስሊፕ» ይለዋል። ጋሽ ታፈሰ ግን «ሽማግሌ» ነው የሚሉት።

«ሽማግሌ ምን ያደርጋል?» ይሉኛል፣ በእግራቸው ጫማዬን እየመቱ።

«ያስታርቃል።»

«እሱንማ ማንም ያውቃል። እንዴት አድርጎ?»

«ይይዛል፣ ይለቃል።»

«እህ! ጭቃ ላይ ይይዛል፣ ኩርባ ላይ ይለቃል። የማይይዝ ከሆነ አርጅቷል። የማይለቅ ከሆነ ደግሞ ሽማግሌ አይደለም፤ ካቴና ነው።»

ያገለገለ መኪና ሊገዛ የሚመጣ ሰው ሁሉ እሳቸው ጋ ያስፈትሻል። መጀመሪያ ዘይቱን ጠብ ያደርጉና እጄ ጀርባ ላይ ያሹታል። «አሽትቺ! ምን ይላል?» መጀመሪያ ጊዜ «ዘይት ዘይት» አልኳቸው። «ዘይት መሆኑንማ ድመትም ታውቃለች። ተቃጥሏል ወይ ነው ያልኩሽ?» ሸራዎቹ ከተቃጠሉ እንዳረረ ሽሮ የሚያንቅ ሽታ አለው። ሽማግሌ የራሱ ዘይት አለው፤ ተራ ዘይት የሞላ ሰው ከመጣ፣ መኪናው ስትዞር እያንቀጠቀጠች ስለምታለቅስ ገና ከበሩ ይሰሙታል። «ለሽማግሌ ጠላ ሰጥተህ ነው የመጣኸው? ጠጅ ነበር የሚፈልገው!» ይሉታል።

ከዚያ ሁለቱን የኋላ ጎማ በክሪክ ያስነሱና አንዱን በእጅ ያስዞሩኛል። ሌላው በተቃራኒው ከዞረ ሽማግሌ የለም፣ ወይም አልቋል። አብሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞረ ጭናቸውን በጥፊ መትተው «ያዘ!» ይላሉ፤ ጎል የገባ ነው የሚመስለው። ቀጥሎ አንዱን ጎማ መሬት አስረግጠው፣ ታኮ አስደርገው፣ የተንጠለጠለውን በረጅም ብረት ያስገፉኛል። ደህና ሽማግሌ ያንገራግርና፣ አጥብቀሽ ስትገፊው ቀስ እያለ ይለቃል። ይህ ሁሉ ካለፈ መጨረሻ ላይ አንዲት ቃል ይናገራሉ፦ «ይሂድ።» ከኮዬ ፈጬ እስከ ቃሊቲ ሰው መኪና የሚገዛው በዚህች ቃል ነው። ካላሏት አይገዛም።

ሱራፌል ልጃቸው ነው፤ አንድ ለናቱ። እጁ ሥራ ያውቃል፤ ብየዳ ላይ እንደሱ አላየሁም። ጋሽ ታፈሰ ግን ለማንም «ጎበዝ» አይሉም፤ ለሱ ደግሞ ጭራሽ። ሲታክተው ድለላ ጀመረ። ያገለገለ መኪና ያመጣል፣ ይሸጣል፤ አባቱ ጋ አያስፈትሽም። እሳቸውም ምነው ብለው አይጠይቁትም።

አንድ ክረምት ጋሽ ታፈሰ ጉልበታቸውን አሟቸው ጠበል ሄዱ። ጋራዡ ተዘጋ፤ እኔም ወደ እናቴ ሙዝ ተመለስኩ። ቁልፉ ሱራፌል ጋ ነበር። ጋሽ ታፈሰ ተመልሰው በከፈትን በማግስቱ፣ ዝናብ እያካፋ፣ አንዲት ነጭ ባለሁለት ጋቢና ፒካፕ ግቢ ገባች። ሱራፌል ነው የሚነዳው። ከጎኑ አዴ ጫልቱ ተቀምጠዋል፤ ከኮዬ ፈጬ ወዲያ ወተት እየሰበሰቡ ለካፌዎች የሚያደርሱ ሴትዮ ናቸው። መንገዳቸው ዋልካ ነው፤ ክረምት ከገባ አህያ እንኳ ጫማ የሚያወልቅበት።

«ጋሼ!» አሉ ገና ሳይወርዱ፤ «ይቺ መኪና አይደለችም፣ በሬ ናት! ትናንት ከደጄ ጭቃ እንዴት እንደወጣች ቢያዩ! ላሜ ማጥ ስትገባብኝ ጭራዋን ይዤ አወጣለሁ፤ ያቺን አሮጌ መኪናዬን ግን ምኗን ልያዝ? ይቺንማ ወስጃለሁ።»

«ይውሰዷት ብያለሁ እኔም» አለ ሱራፌል። አባቱን አላያቸውም። «ሽማግሌው አዲስ ነው። አዴ ግን ያንተን ቃል ካልሰማሁ አሉ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር ልጃቸው ያመጣው መኪና ከፊታቸው የቆመው። ጋሽ ታፈሰ ደስ አላቸው፤ ጢማቸውን በሁለት ጣት ሲያስተካክሉ አየሁ። «ነፋስ፣ ክሪክ!» አሉኝ።

ሁለቱን ጎማ አነሳሁ። አንዱን አዞርኩ፤ ሌላው እንደ ጥላው አብሮ ዞረ። አዴ ጫልቱ አጨበጨቡ። ጋሽ ታፈሰ ግን ጭናቸውን አልመቱም። «እንደገና» አሉ። አዞርኩ። አንዲት ፀጉር የምታህል ክፍተት የለም፤ ሁለቱ ጎማ አንድ ሰው ሆነዋል።

«አንዱን አውርጂ። ታኮ አድርጊ።»

አወረድኩ፣ ድንጋይ አደረግኩ፣ ብረቱን አስገብቼ ገፋሁ። እምቢ አለ። በሁለት እጄ ገፋሁ። ከዚያ በእግሬ ቆምኩበት። ጎማው ይለቃል ብዬ ስጠብቅ መኪናዋ ራሷ ታኮው ላይ ልትወጣ ተንቀሳቀሰች፤ ክሪኩ ሲጥ አለ። ዘልዬ ወረድኩ።

«ተይው፣ ይበቃል» አሉ ጋሽ ታፈሰ። ድምፃቸው ቀጠነ።

አወቅኩ። እሳቸውም አውቀዋል። አዴ ጫልቱ አላወቁም፤ ፈገግ ብለው ያቺን ቃል ይጠብቃሉ። ሱራፌል ጣራውን ያያል። ጋሽ ታፈሰ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሊሉት ነው ወይስ ሊተዉት? አልቻልኩም።

«ይሄ ሽማግሌ አይደለም!» አልኩ። «ተበይዷል! ጥርሶቹን እርስ በርስ በይደዋቸዋል። ጭቃ ላይ በሬ የሆነችው ለዚህ ነው። አስፋልት ኩርባ ላይ መቼም አይለቅም፤ ገፍቶ ነው የሚጥላቸው!»

«ማን ጠየቀሽ?» ብለው ጮኹብኝ። ጮኸውብኝ አያውቁም ነበር። አዴ ጫልቱ «ዋቃዮ!» ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ነፋስ ያገኘችውን ትነፍሳለች» አለ ሱራፌል። ፊቱ ግን ቀልቷል። «አባዬ፣ አትስማት። ደህና ናት።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

ጋሽ ታፈሰ ክሪኩን በገዛ እጃቸው አወረዱ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ጨርቁን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «አዴ፣ እርስዎ እዚህ ከዝናቡ ይጠለሉ። ሱራፌል፣ ና ንዳኝ።» ከፊት ተቀመጡ። እኔ የኋላውን በር ከፍቼ ገባሁ።

«ውረጂ!»

«አልወርድም።»

ወጣን።

እስከ ዋናው አስፋልት ጭቃ ነው፤ ጭቃ ላይ ብየዳ አይታወቅም፣ ጎማው እንደፈለገ ይንሸራተታል። አስፋልቱ ላይ ስንታጠፍ ግን የኋላዋ ሲንቀጠቀጥ፣ ጎማው ሲያለቅስ ሦስታችንም ሰማን። ቁልቁል ወደ ወንዙ ድልድይ መውረድ ጀመርን። ከድልድዩ በፊት አንድ ኩርባ አለ፤ በስተግራው ገደል፣ አጥሩ ድሮ ተገጭቶ የወደቀ።

«አዴ ጫልቱ ወተት ጭነው እንዴት ነው የሚነዱት?» አሉ ጋሽ ታፈሰ።

ሱራፌል መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«በሩጫ ነው። ወተት ይበላሻላ። እንደሳቸው ንዳ።»

ሱራፌል ነዳጅ ሰጠ። እልህ ነው፤ ከጆሮው ሥር ያለችው የደም ሥር ስትመታ ከኋላ አያታለሁ። መጥረጊያው ውሃውን አይችለውም። የጋሽ ታፈሰን ወንበር በሁለት እጄ ያዝኩ። እሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረዋል።

«ጋሼ» አልኩ፤ «ኧረ ጋሼ!»

«ደህና ናት ብሏል» አሉ፣ ሳይዞሩ። «ልጄ ደህና ናት ካለ ደህና ናት። ይሂድ።»

ያቺኑ ቃል። ኩርባው መጣ። የሱራፌል ጣቶች መሪው ላይ ነጡ። ልክ ልንገባ ስንል ፍሬኑን ረገጠ፤ የኋላዋ ወደ ጎን ተወረወረች፣ ሰማይና ገደል ተደባለቁብኝ፣ ከወደቀው አጥር ድንጋይ ለመድረስ ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች። ሞተሩ ጠፋ። ሱራፌል ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

«በይጄዋለሁ፣ አባዬ» አለ። «እዛው፣ ቤት ውስጥ። ባንተ ማሽን።»

ጋሽ ታፈሰ በሩን ከፍተው ወረዱ፣ ዘጉት፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ዝናብ ውስጥ ቆሙ። ሊረግሙት ነው ብዬ ተከትዬ ወረድኩ። የጢማቸው ቀለም በዝናቡ ሟሙቶ በአገጫቸው እየወረደ ነው፤ ሥሩ ጥጥ የመሰለ ሽበት ነው። እጃቸውን አነሱና ጭናቸውን መቱ።

«አየሽ?» አሉኝ። «ያዘ።»

«ምኑ? ፍሬኑ?»

«አንቺ ደግሞ ብረት ብቻ ነው የሚታይሽ፤ የረገጠው ልጅ አይታይሽም?» አሉና በእግራቸው ወደ ጋራዡ መንገድ ጀመሩ። ከጎናቸው ሄድኩ። ሱራፌል ሞተሩን አስነስቶ ከኋላችን በሰው እርምጃ ተከተለን፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ፣ እስከ ግቢው በር። አንዴም ዞረው አላዩትም።

አዴ ጫልቱ በረንዳ ላይ ቆመው ጠበቁን። «እሺ ጋሼ፣ ይሂድ?»

«አይሄድም። ተበይዷል። የተበየደውም እዚህ፣ በእኔ ቤት ነው።» የማንንም ስም አልጠሩም።

አዴ ጫልቱ ሦስታችንን በየተራ አዩን። ገባቸው። «ያፈረሰው ቤት ራሱ ይሥራው» አሉ። «መኪናዋን ወድጃታለሁ። ይፍቱልኝ።»

ሱራፌል በዚያው ሰሞን ሄደ። የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል ተባለ። ለበዓል ይደውላል፤ «እንኳን አደረሰህ» ይባባላሉ፣ ይዘጋል። ስለዚያች ቀን አያነሱም።

ፒካፗን ፈታናት። ብየዳው ያማረ ነበር፤ ጋሽ ታፈሰ በአውራ ጣታቸው ዳበሱትና «እጅ ነበረው» ብለው ወረወሩት። ከድር ከአንድ የተገጨች መኪና የወጣ ሙሉ ዲፈረንሻል አገኘልን። ሸራዎቹን አንድ በአንድ አጠብኩ፣ ከመግጠማችን በፊት በራሱ ዘይት ዘፈዘፍናቸው፤ ደረቁን የገጠመ ሰው በመጀመሪያው ኩርባ ያቃጥላቸዋል። ከዚያ ዘይቱ በየሸራው መሐል እንዲገባ ኮንዶሚኒየሙ አጠገብ ባለው ባዶ አስፋልት ላይ ስምንት ቁጥር እየሠራሁ ቀስ ብዬ ነዳኋት። ጋሽ ታፈሰ መሐል ላይ ቆመው ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። የመኪናዋ ለቅሶ ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ጠፋ። መልሰን በክሪክ አነሳናት፤ ብረቱን ገፋሁ። አንገራገረ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ለቀቀ።

አዴ ጫልቱ ሲመጡ ጋሽ ታፈሰ ዞር ብለው «አንቺ በይ» አሉኝ።

«እኔ?»

«አፍሽን አልታመምሽም አይደል? በይ።»

«ይሂድ» አልኩ። አዴ ጫልቱ እልል ብለው ሄዱ። ጋሽ ታፈሰ በሩን ከውስጥ ዘጉና እዚያው ተደገፉት።

«ሰው መኪናውን አይቶ አይደለም የሚገዛው፤ እኔን አምኖ ነው። እኔን ማን ፈተሸኝ?» አሉ። «አንቺ አፍሽን ባትከፍቺ ያን ቀን ምን እንደምል አላውቀውም። እስካሁንም አላውቀውም።»

ጋራዡ ከዚያ በኋላ አልተከፈተም። እኔን ቃሊቲ ያለ ሌላ ጋራዥ ራሳቸው ወስደው አስገቡኝ። እሳቸው የከድር ሱቅ ደጃፍ ዳማ እየሰረቁ ኖሩ። እሑድ እሑድ እየሄድኩ እሸነፍላቸዋለሁ። አንድ ቀን «ለሱሬ ያን ቃል ለምን አይነግሩትም?» አልኳቸው።

«በስልክ የሚነገር አይደለም። ይመጣል፤ ሲመጣ እነግረዋለሁ» አሉና ቆርኪዬን አነሱብኝ።

እንግዲህ መጣ።

ተነሳሁ። የዕድሩ ሰዎች አሁንም ቀና አሉ። ሱራፌል ጋ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ፤ ሊናገረኝ አፉን ሲከፍት ቀደምኩት።

«ኩርባው ላይ ስትቆም አባትህ ወርደው ዝናብ ውስጥ ምን ያሉ ይመስልሃል?»

«ረገመኝ» አለ። ወዲያው ነው ያለው፤ ለብዙ ዘመን የተዘጋጀ መልስ ነበር።

«ጭናቸውን መቱ። "አየሽ? ያዘ" አሉኝ።»

ሱራፌል አየኝ። ቃሉን ያውቀዋል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ከመኪና ሥር የሰማው ነው።

«ምኑ?» አለ። «ፍሬኑ?»

«አንተም ብረት ብቻ ነው የሚታይህ» አልኩትና ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ዝናቡ ወጣሁ።